የማይዝገው መኪና ዝገት፤ የላንድ ሮቨር ባለንብረቶች ስሞታና ታሪካዊ መነሻው

አሮጌ ላንድ ሮቨር ያለው ሰው ወደ ጋራዥ ይዞት የሚመጣው ስሞታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በበሩ ግርጌ ወይም በማጠፊያው ዙሪያ ቀለሙ ውኃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል፤ እብጠቱ በጥፍር ሲጫኑት ይፈርሳል፤ ከሥሩም የሚወጣው ቀይ ዝገት ሳይሆን ነጭ ዱቄት ነው። መኪናው እንደገና ይቀባል፤ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ እብጠቱ በዚያው ቦታ ይመለሳል። ባለንብረቱን የሚያስከፋው ወጪው ብቻ አይደለም፤ «አካሉ አሉሚኒየም ነውና አይዝግም» የሚለውን አምኖ መግዛቱም ጭምር ነው። ባትላሜራው ጥፋቱን በቀለም ቀቢው፣ ቀለም ቀቢው በቀለሙ ጥራት፣ ሻጩ ደግሞ በባለንብረቱ አያያዝ ላይ ያላክካል።

የዚህ ክርክር መልስ የሚገኘው ከቀለም ቤቱ ሳይሆን ከመኪናው ታሪክ ነው። ጉድለቱ ከአሉሚኒየሙ ብቻ ወይም ከብረቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱ በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ የተወለደ ነው። መጋጠሚያው ደግሞ የተወሰነው ቀለም ቀቢው ብሩሹን ከማንሣቱ አስቀድሞ፣ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የአሉሚኒየሙ ምርጫ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት የሚታደለው በመንግሥት ቁጥጥር ነበር። በድልድሉም ምርቱን ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ፋብሪካ ቅድሚያ ያገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነቱ በተረፈ ዊሊስ ጂፕ ይገለገል ነበር። ለገበሬ የሚሆን ተመሳሳይ መኪና የመሥራት ሐሳብ የመጣለትም ከዚህ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1947 ተጀምሮ፣ ላንድ ሮቨር በአፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ።

የአካሉ ላሜራ ቢርማብራይት ከተባለ የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ቅይጥ ተሠራ። ቅይጡ ቀላልና በጠባዩ ዝገትን የሚቋቋም ሲሆን፣ ጠፍጣፋዎቹ ላሜራዎች ውድ የማተሚያ ቅርጽ ሳያስፈልጋቸው ሊታጠፉ ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ መኪናው ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም አልነበረም። ሻንሲው ከብረት ዝርግ ተቆርጦ እንደ ሣጥን የተበየደ ነበር፤ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳና የበሮቹ ውስጣዊ አጥንትም ብረት ነበሩ። ስለዚህ ላንድ ሮቨር ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሁለት ማዕድናት ጋብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከመደበኛው ምርት በፊት በተሠሩት የሙከራ መኪናዎች ላይ ሻንሲው በዚንክ የተነከረ ነበር። መደበኛው ምርት ሲጀመር ግን ዚንኩ ቀርቶ ሻንሲው በቀለም ብቻ እንዲሸፈን ተደረገ። ይህ ውሳኔ ያስከተለው ዕዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ በባለንብረቶቹ እጅ ተከፈለ።

ቀድሞ የታወቀ ትምህርት

ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን እንደሚበላ ያሳወቀው የመኪና ዘመን አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ ከእንጨት ትልና ከባሕር አረም ለመጠበቅ ከታች በመዳብ ቅጠል አለበሳት። መርከቧ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ስትመረመር መዳቡን ያያያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው፣ ቅጠሉም በየቦታው ተላቆ ተገኘ። በአንዳንድ ቦታ ግን ምስማሩ ደኅና ነበር፤ ምክንያቱም በመዳቡና በምስማሩ መካከል ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ ነበር። ተራ ወረቀት ሁለቱን ማዕድናት በመለየቱ ብቻ ብረቱን አዳነው።

እ.ኤ.አ. በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የነገሩን ምሥጢር በኤሌክትሪክ ገለጠው። ከመዳቡ ጋር ቁራጭ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ ቁራጩ በመዳቡ ፈንታ እየተበላ መዳቡን እንደሚጠብቅ አሳየ። እነሆ ይህ እውቀት ላንድ ሮቨር ከመነደፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በመሐንዲሶች እጅ ነበር።

እብጠቱ እንዴት ይፈጠራል?

አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያውኑ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ልብስ ይለብሳል፤ አይዝግም የተባለውም በዚህ ልብስ ምክንያት ነው። ጨው ያለበት ውኃ ግን ይህን ልብስ ይበሳዋል። በዚያው ቦታ ብረት ካለ ጥቃቱ ይበረታል፤ በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳልና አሉሚኒየሙ መሥዋዕት ይሆናል። ለዚህም ሦስት ነገሮች በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም የማዕድናቱ ልዩነት፣ መነካካታቸውና በመካከላቸው ያለ እርጥበት ናቸው። እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸውና አንዱ ከተነሣ ድስቱ አይቆምም።

የላንድ ሮቨር በር ሦስቱንም አሟልቶ ይይዛል። የአሉሚኒየሙ ሽፋን በብረቱ አጥንት ጠርዝ ላይ ታጥፎ ይያዛል፤ በእጥፋቱ ውስጥ የገባ ውኃም በቀላሉ አይደርቅም። አሉሚኒየሙ ሲበላ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከማዕድኑ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል። እንግዲህ ባለንብረቱ የቀለም ጉድለት የሚለው በእርግጥ የመጨረሻው ምልክት እንጂ የበሽታው መነሻ አይደለም።

ሆኖም ቀለም ቀቢው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ ከሥሩ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከታየ፣ ጥፋቱ የመሠረት ቀለም አቀባብ ነው፤ አሉሚኒየም ለራሱ የተዘጋጀ፣ ላዩን ነክሶ የሚይዝ መሠረት ቀለም ይፈልጋልና። ነጭ ዱቄት ከታየ ነገሩ የመጋጠሚያ ነው። ቀይ ዝገት ከወጣ ደግሞ የውስጡ ብረት ራሱ ታሟል። በአንድ ቃል የሚነገረው ስሞታ በዚህ ዓይነት ሦስት ልዩ ልዩ ፈውስ ያሻዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረው ነው። ሣጥን መሰሉ ሻንሲ ጭቃና ውኃ በውስጡ አምቆ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ከኋላ ያለው ተሻጋሪ ብረትና የእግር መርገጫው ወለል ቀድመው ይሸነፋሉ። ከላይ ያለው አካል ገና ደኅና ሳለ ተሸካሚው ያልቃል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለንብረቶች በራሳቸው ወጪ በዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ እያስገቡ መኪናቸውን አድነዋል። በሙከራ መኪናዎቹ ላይ ታይቶ የተተወው ነገር በዚህ መንገድ በባለንብረቱ ኪስ ተመለሰ።

ስሞታው አላበቃም

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨርም በብረት አጥንት ላይ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ላሜራ የለበሰ ነበር። ምቾቱና ኃይሉ ቢደነቅም፣ የኋላ በሩ የብረት ክፈፍ በመዛግ የታወቀ ሆነ። የመጀመሪያው ላንድ ሮቨር ዘር በበኩሉ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ በጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ምርቱ ሲያቆም፣ የበር ግርጌ እብጠት የሚለው ስሞታ አብሮት ነበር።

ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ እንዳልሆነ ሌላ ምሳሌ ያስረዳል። በአሜሪካ የፎርድ ኩባንያ በዲሴምበር 2004 ለአከፋፋዮቹ ባወጣው የጥገና ማስታወቂያ፣ ኤክስፕሎረርና ኤክስፔዲሽን በሚገኙባቸው ሞዴሎች ላይ የአሉሚኒየም ኮፈንና ሌሎች ክፍሎች ቀለም ስለማበጡ ጉዳይ አትቶ ነበር። የኩባንያው ላቦራቶሪ የተመለሱትን ክፍሎች መርምሮ ያገኘው መንሥኤ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በአሉሚኒየሙ ላይ የተቀበረ የብረት ብናኝ ነው። እዚህ ላይ የብረት አጥንት እንኳ አላስፈለገም፤ በዓይን የማይታይ ቅንጣት በቃ።

ለሙያው የሚተርፈው

በአውሮፓ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ግን የመንገድ ጨው አያውቀውምና በዚያ የሚሠራ ላንድ ሮቨር ቀስ ብሎ ያረጃል። በአፋር የጨው ምድር የሚመላለሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። በደጋውም ቢሆን ብረት የሞረደ ዲስክ አሉሚኒየሙን ሲሞርድ፣ ወይም ፖርቶ መጋላ ያለ ጎማ ማለያ በብረት ብሎን በላሜራው ላይ ሲታሰር፣ ፋብሪካው ያልሠራውን አዲስ መጋጠሚያ የሚፈጥረው ጋራዡ ራሱ ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ ለአሉሚኒየም የተለየ መሣሪያ፣ በመካከል የሚገባ ማለያ፣ እንዲሁም ውኃ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ከጭቃ ማጽዳት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ትምህርት ግን ስሞታን ስለ መስማት ነው። «ቀለሙ አበጠ» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ለክርክር ብቻ ይጠቅማል። እብጠቱ ከየትኛው ጠርዝ እንደጀመረ፣ ከሥሩ ምን እንደተገኘ፣ ከጀርባው ምን ማዕድን እንዳለ የተጻፈበት መዝገብ ግን ለሚቀጥለው ንድፍ ይደርሳል። የአላርም መርማሪዎች ምስማሩ መበላቱን ብቻ ጽፈው ቢያልፉ ኖሮ፣ ወረቀቱ ያዳናቸው ምስማሮች ምስክርነት ከመርከቧ ጋር በጠፋ ነበር።