የስኳየር መኪና ዜና መዋዕል

በብራና መጽሐፍ መጀመሪያ ቅጠል ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተተክቶ ሲገኝ፣ መጽሐፉ በየትኛው ደብር ተጽፎ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ለማወቅ የፍቁን ጥላ ወደ ፀሐይ እያዘነበለ የሚመረምር ሊቅ እንዳለ ሁሉ፣ በእንግሊዝ አገርም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠራች መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ በሻንሲዋ ላይ የደረቀውን ግራሶ በሽቦ ብሩሽ እየፋቀ፣ በመዶሻ የተመታውን ቁጥር መብራት አጋድሞ የሚያነብ ሰው አለ። ቁጥሩ በሞረድ ቢጠፋ እንኳ ተስፋ አይቆርጥም፤ ብረት በተመታበት ስፍራ ውስጡ ስለሚጠብቅ፣ አሲድ ሲቀባም የተመታውና ያልተመታው እኩል ስለማይበላ፣ የጠፋው አኃዝ ለጥቂት ጊዜ እንደ ጥላ ብቅ ይላል።

ይህ ሁሉ ድካም ከሚደከምላቸው መኪኖች መካከል እንደ ስኳየር ቁጥሯ ያነሰ፣ ታሪኳም ያሳዘነኝ የለም። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፈውና፣ አድሪያን ስኳየር የተወለደው በ1910 ነበር። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ፣ ወደፊት በስሙ ስለሚሠራት መኪና ባሕርይዋን ከነሥዕሏ የሚናገር ካታሎግ በእጁ አዘጋጀ። ሌላው ሠሪ መኪናውን አበጅቶ ካታሎጉን ያስከትላል፤ በዚህ ልጅ ዘንድ ግን ቃሉ ብረቱን ቀደመው። ካደገም በኋላ በቤንትሌ ፋብሪካ በተለማማጅነት፣ በኤም ጂ ደግሞ በንድፍ ሠሪነት አገልግሎ፣ በ1931፣ ዕድሜው ገና 21 ሳለ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ካለችው ከሄንሊ ከተማ አጠገብ በሬመንሃም ኮረብታ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር ጋራዥ ከፈተ። ያ ዓመት የተማረበት የቤንትሌ ኩባንያ ራሱ በዕዳ ወድቆ ለሮልስ ሮይስ የተሸጠበት ዓመት ነበር፤ ወጣቱ ግን ከመምህሩ ውድቀት ትምህርት የወሰደ አይመስልም።

የጋራዡ ሥራ የሌላውን ሰው መኪና መጠገንና ቤንዚን መሸጥ ነበረ፤ ልቡ ግን በካታሎጉ ላይ ነበር። ሞተሩን ራሱ ለማቅለጥ አቅም ስላልነበረው ብሪቲሽ አንዛኒ ከሚባለው ኩባንያ በውል ገዛ፤ በሞተሩም ላይ የስኳየር ስም እንዲቀረጽለት ተስማማ። በዚህም ምክንያት የመኪናዪቱን ዘር የሚቆጥር ሰው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ እንዳይሰናከል ይጠንቀቅ፤ በሞተሩ ላይ የሚነበበው ስም የወላጁ ሳይሆን የአሳዳጊው ነውና። ሞተሩ 1,496 ሴንቲሜትር ኩብ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ካምሻፍት ከላይ የተሸከመ፣ አየርና ቤንዚን በኃይል እየጨመቀ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት በመሆኑ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ማርሹ የዊልሰን ሥራ ነው፤ ይህም ዊልሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታንክን ከፈለሰፉት አንዱ ነበረ። በዚህ ማርሽ ነጂው የሚፈልገውን ቁጥር ገና ሳይደርስበት በመሪው አጠገብ ባለች ትንሽ እጀታ ይመርጣል፤ ኩርባው ሲደርስ ግራ እግሩን በፔዳል ላይ ጫን ቢያደርግ፣ ቀድሞ የታዘዘው ማርሽ ያንጊዜውኑ ይገባል። ፍሬኗም በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ራዲያተሯ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሲሆን፣ አጭሩን ሻንሲ ለገዛ ሰው በሰዓት 100 ማይል፣ በእኛ አቆጣጠር 160 ኪሎ ሜትር፣ እንደምትሮጥ ቃል ተገብቶለት ነበር።

ገዢ ግን ከየት ይምጣ? በቫንደን ፕላ ቤት የተሠራ ቦዲ የለበሰችው ስኳየር 1,220 ፓውንድ ይጠየቅባት ነበር፤ ይኸውም ስሟ በዓለም የታወቀ የቡጋቲ መኪና የሚያስገዛ ገንዘብ ነው። በዚያው ወራት የኤስ ኤስ ኩባንያ፣ በኋላ ጃጓር የተባለው፣ ሁለት ሊትር ተኩል ሞተር ያላትን ኤስ ኤስ 100 በ395 ፓውንድ ለገበያ አቀረበ። በኢኮኖሚ ድቀት ማግስት ለሦስት ጃጓር የሚበቃ ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ ያልታወቀ ወጣት ጋራዥ የሚወጣ ጌታ ጥቂት ነበረ። ቀለል ያለ ቦዲ አልብሰው ዋጋውን ወደ 995 ፓውንድ ቢያወርዱትም አልረዳም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የውድድር መኪና ሠርተው፣ በ1935 በለማን ሩጫ በላጎንዳ ያሸነፈው ሉዊስ ፎንቴስ ቢነዳትም፣ የሚያኮራ ድል አልመጣም። በ1936 ኩባንያው ሲፈርስ የሠራቸው መኪኖች ሲቆጠሩ ሰባት ነበሩ።

የመርማሪው ሥራ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ቫል ዜትሪን የተባለ ሰው የቀረውን ዕቃ ገዝቶ፣ ከተረፈው ሻንሲና ሞተር ጥቂት ተጨማሪ መኪኖች እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ድረስ ገጣጥሟል፤ ስለዚህ «ከሰባቱ አንዷ ናት» የሚል ሻጭ ሁሉ ምስክር ያቅርብ ይባላል። ምስክሩም እኛ ሊብሬ የምንለው መጽሐፍ ነው። በ1920 በወጣው የመንገድ ሕግ ምክንያት ከ1921 ጀምሮ ለእያንዳንዱ መኪና የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥርና ቀለሙን የያዘ ሊብሬ ይሰጥ ነበር፤ መኪናው በተሸጠ ቁጥር የአውራጃው ምክር ቤት የአዲሱን ባለቤት ስም ጽፎ ከነቀኑ ማኅተም ያሳርፍበታል። እንግዲህ ማኅተሞቹን ተከትሎ የሚወርድ ሰው ጌታ በጌታ እየቆጠረ ወደ መጀመሪያው ገዢ ይደርሳል። የየአውራጃው መዝገብ ግን በ1970ዎቹ ሥራው በዌልስ ወዳለችው ወደ ስዋንሲ ሲጠቃለል ብዙው ተጣለ፤ እሳት ሳይነሳ፣ ጠላት ሳይመጣ፣ ለመደርደሪያ ቦታ ሲባል ብቻ።

ወረቀቱ ከጠፋ ወደ ብረቱ መመለስ ግድ ነው። መርማሪው የበሩን ማጠፊያ ፈትቶ፣ ሠዓሊ ያልደረሰበትን ጥግ በምላጭ ቀስ ብሎ ሲቀርፍ፣ ከቀዩ ሥር ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ ያገኛል፤ ይህንንም በሊብሬው ከተጻፈው ቀለም ጋር ያስተያያል። ሞተሩ በአንድ መኪና፣ ሻንሲው በሌላ ተገኝቶ ሁለት ባለቤቶች «እውነተኛዪቱ የእኔ ናት» ቢባባሉ ፍርዱ ምን ይሁን? እኔ ለሻንሲው እፈርዳለሁ፤ ሞተር ሲደክም ይለወጣል፣ ላሜራም ሲዝግ ይጣላል፣ መኪናዪቱ የተጠራችበት ቁጥር የተመታው ግን በአጥንቷ ላይ ነው።

አድሪያን ስኳየር ራሱ፣ ኩባንያው ከፈረሰ በኋላ በላጎንዳ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም ወደ ብሪስቶል የአውሮፕላን ፋብሪካ ሄዶ ሲሠራ በ1940 በአየር ድብደባ ሞተ፤ ዕድሜው ከሠላሳ አላለፈም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በመኪና ሰው ገድሎ ከታሰረበት ወህኒ ከወጣ በኋላ የጦር አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር የማድረስ ሥራ የያዘው ፎንቴስ፣ ዌሊንግተን የተባለውን ቦምብ ጣይ ሲያበር በዌልስ ወድቆ ሞተ። ከመኪኖቹ ዛሬም የሚነዱ አሉ፤ ኮፈናቸው ሲከፈትም አንዛኒ ባቀለጠው ብረት ላይ የሚነበበው የዚያ የካታሎግ ጸሐፊ ልጅ ስም ነው።