ሊከርሙ መጥተው የከተሙ

«ከረመ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ከዝናብ ጋር የተቈራኘ ነው። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲቈርጥ ሰው ካለበት ስፍራ ይከርማል፤ የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎችም ንጉሡ የት እንደ ከረመ መመዝገብ ልማዳቸው ነበር። «ከተማ» የሚለውም ቃል ቢሆን አስቀድሞ የድንኳን ሠፈር ስም ነበር፤ ሠራዊት የከተመበት ሜዳ ውሎ ሲያድር የገበያና የአስተዳደር ቦታ ሆነ። የእነዚህ ሁለት ቃላት ታሪክ ከአገራችን እጅግ ርቆ፣ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ፣ ተሳቢ ቤት በመኪና እየጎተቱ በሚመጡ ሰዎች ዘንድ ተደግሞ መገኘቱ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የእነርሱ ክረምት ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። በሚሺጋንና በኦሃዮ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መሬቱ ይቈረፍዳል፤ ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ግንበኛውም ሥራ ይፈታል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ከዚህ ብርድ ሸሽቶ ገናን በፀሐይ ማክበር የባለጸጎች ዕድል ብቻ ነበር። ሄንሪ ፍላግለር የተባለው የነዳጅ ዘይት ቱጃር በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ በየጣቢያው ታላላቅ ሆቴሎች ያሠራው ለእነርሱ ነው። ይህን ሥርዓት ያናጋው የፎርድ «ሞዴል ቲ» መኪና ነበር። በ1908 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከ1915 ጀምሮ ደግሞ ሰሜኑን ከማያሚ የሚያገናኝ «ዲክሲ ሀይዌይ» የተባለ የመኪና መንገድ ይቀየስ ጀመር። ገበሬውም ድንኳኑን፣ ምጣዱንና ሚስቱን አሳፍሮ ወደ ደቡብ ወረደ።

በ1919 በታምፓ ከተማ ዴ ሶቶ በተባለው መናፈሻ የሠፈሩ መንገደኞች ተሰብስበው «የጣሳ ቱሪስቶች» የተሰኘ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ የወጣላቸው በየመንገዱ የሚመገቡት የታሸገ የጣሳ ምግብ ስለ ነበረ ነው፤ ባዶ ጣሳ በመኪናቸው ራዲያተር ክዳን ላይ መበየድም የአባልነት ምልክታቸው ሆነ። ምስጢራዊ የእጅ ሰላምታ ነበራቸው፤ አለቃቸውንም በንጉሣዊ ማዕርግ ይጠሩት ነበር። ይህን ማዕርግ እንደ ቀልድ ብቻ የሚያዩት አሉ፤ እኛ ግን ለሠፈር ሰው ማዕርግ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ይመስለናል። ዓላማቸው የሠፈሩን ንጽሕና መጠበቅ፣ አባላቱን በሥነ ምግባር ማነጽና በምሽት ጨዋታ ማቀራረብ ነበር።

የከተማው ሰው ግን ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ነጋዴው እንግዳ ይፈልጋል፤ የሚፈልገው ግን ሆቴል የሚያድረውን እንግዳ ነው። «የጣሳ ቱሪስት አንድ ሸሚዝና አንድ የገንዘብ ኖት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱንም ሳይለውጥ ይመለሳል» የሚል ፌዝ በየሱቁ ተዛመተ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ታምፓ መናፈሻውን ዘጋችባቸው። ማኅበሩም ድንኳኑን ነቅሎ ክረምቱን ወደ አርኬዲያ አዛወረ። የሚያስደንቀው፣ እነዚህ ሰዎች በተባረሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተሞቹ መልሰው መጥራታቸው ነው። በ1926 የፍሎሪዳ የመሬት ንግድ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ማያሚን ታላቅ አውሎ ነፋስ መታት፤ ከዚያም የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ባለጸጋው በጠፋበት ጊዜ ሸሚዙን የማይለውጠው ሰው ተናፈቀ። ሳራሶታ በ1930ዎቹ የማኅበሩን የክረምት ጉባኤ አስተናገደች፤ በብራደንተንም በ1936 አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ትልቅ የተሳቢ ቤቶች ሠፈር ከፈተ።

በዚህ መካከል ድንኳኑ ራሱ ተለውጦ ነበር። አርተር ሸርማን የተባለ የዲትሮይት ባክቴሪያ ተመራማሪ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር በጉዞ ላይ ሳለ የገዛውን ተጣጣፊ ድንኳን ለመትከል ሲታገል ዝናብ አበሰበሰው፤ ተናዶም ግድግዳው ጠንካራ የሆነ በመኪና የሚጎተት ሣጥን አሠራ። በ1930 ለሕዝብ አሳየው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የታላቅ ፋብሪካ ባለቤት ሆነ። «ኤርስትሪም» የተባለውን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ተሳቢ ያስፋፋው ዋሊ ባያም በ1959 እና በ1960 ከኬፕታውን እስከ ካይሮ በመራው ጉዞ አገራችንን አቋርጦ እንዳለፈ በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል።

ሆኖም የባሕሩ ፀሐይ ለሁሉ አልነበረም። በዚያ ዘመን በነበረው የዘር መድልዎ ጥቁር አሜሪካውያን ከእነዚህ ሠፈሮችም ሆነ ከባሕሩ ዳርቻዎች ተከልክለው ነበር። ቪክቶር ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ የፖስታ ሠራተኛ ከ1936 ጀምሮ ያሳተመው መምሪያ፣ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚያድርበትንና የሚመገብበትን ቦታ የሚዘረዝር ነበር። ማያሚ ውስጥ በ1945 ጥቂት ጥቁሮች ሕጉን ተዳፍረው ለነጮች በተከለለ ባሕር ከገቡ በኋላ ነው ቨርጂኒያ ኪይ የተባለው ዳርቻ የተፈቀደላቸው። የጣሳ ቱሪስቶችን ወንድማማችነት የሚያወድሱ ብዙ ጽሑፎች ይህን በዝምታ ያልፉታል። ተባራሪው ራሱ ሌላውን ያስቀረ አጥር ውስጥ ይጨፍር እንደ ነበር መሰወር ግን ታሪክን ማጉደል ነው።

ስለ መክተም ካነሣን ብራይኒ ብሪዝስን መመልከት ይበቃል። በፓልም ቢች ወረዳ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በውስጠኛው የመርከብ መሄጃ መካከል የምትገኝ ጠባብ መሬት ናት፤ ቀድሞ እንጆሪ የሚበቅልባት እርሻ ነበረች። ባለ እርሻው ለመንገደኞች የተሳቢ ማቆሚያ ቦታ ያከራይ ጀመር። ከሰሜን የሚመጡት ከርመው ይመለሳሉ፤ በዓመቱ እዚያው ቦታቸው ላይ ያቆማሉ፤ ጎማው ቀስ በቀስ ከመሬት ይጣበቃል፤ በረንዳ ይቀጠላል፤ አበባ ይተከላል። በ1958 ነዋሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መሬቱን ገዙ፤ በ1963 ደግሞ ሠፈሩ በሕግ የታወቀ ከተማ ሆነ፤ የራሱን ከንቲባና ምክር ቤትም አቋቋመ።

በ2007 አንድ የሕንፃ ባለ ሀብት ከተማይቱን በሙሉ በ510 ሚሊዮን ዶላር ልግዛ አለ። ያሉት ቤቶች 488 ስለ ነበሩ በአማካይ ለአንድ አሮጌ ተሳቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መድረሱ ነበር። ብዙው ነዋሪ ይሸጥ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ጥቂቶች ግን ሚሊዮኑን ይዘን የት ሄደን እንከርማለን፣ ይህን ጎረቤትና ይህን ማዕበል በየትኛው ገበያ እንገዛለን ሲሉ ተከራከሩ። ያሸነፈው ግን ክርክራቸው አልነበረም፤ ውሉ በዚያው ዓመት በሌላ ምክንያት ፈረሰ። ሽጡ ያሉትና አትሽጡ ያሉት በአንድ አዳራሽ እንደ ቀድሞው ምግብ ማዋጣታቸውንና ካርታ መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ የከተማይቱ ምክር ቤት የሚነጋገረው ስለ ሽያጭ ሳይሆን ስለ ውሃ ነው። መሬቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ማዕበል በጨመረ ቊጥር ከመርከብ መሄጃው በኩል መንገዱ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ለመከላከያ ግንብና ለፍሳሽ ማስወገጃ የሚሆን ገንዘብ ይፈለጋል። ሰዎቹ ግን በኅዳር መምጣታቸውን አልተዉም፤ በዘንባባው ግንድ ላይ የገና መብራት ይጠመጥማሉ፤ በሚያዝያም መስኮታቸውን ዘግተው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ።