ርካሽ ፖይንት ጋርድ ፍለጋ

አንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ አላችሁ እንበል። ታላላቅ ኮከቦችንም በውድ ዋጋ ሰብስባችኋል። ኳሷን ከኋላ ይዞ መጥቶ ለእነዚያ ኮከቦች የሚያድላቸው ሰው ግን የላችሁም፤ ካዝናውም ተራቁቷል። ምን ታደርጋላችሁ?

የኒው ዮርክ ኒክስ አለቆች እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ የተፋጠጡት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነበር። እኛም ዛሬ ይህን ታሪክ የምናነሳው ስለ ኳስ ብቻ ብለን አይደለም። ሰው ዋጋ የሚወጣለት እንዴት ነው? ዋጋውንስ የሚቆርጥለት ማነው? የሚለው ነገር ስለሚከነክነን ነው።

በመጀመሪያ ደንቡን እንይ። በኤንቢኤ ሀብታም የሆነ ክለብ ሁሉ እንዳሻው አይገዛም። ሊጉ ለደሞዝ ጣሪያ ያበጃል። በ2011/12 የውድድር ዘመን ጣሪያው 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከጣሪያው በላይ የወጣ ክለብ አዲስ ሰው የሚያስፈርምበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ በጣም ካለፈ ደግሞ ቅጣት መሰል ግብር ይከፍላል።

ኒክሶች በ2010 አማሬ ስታደማየርን አስፈረሙ። በየካቲት 2011 ካርሜሎ አንቶኒን ከዴንቨር ሲያመጡ ፖይንት ጋርዳቸውን ሬይመንድ ፌልተንን በልዋጩ ሰጡ። ከአንቶኒ ጋር አብሮ የመጣው ቾንሲ ቢላፕስ ቦታውን ሸፈነ። በታኅሣሥ ግን ረጅሙን ታይሰን ቻንድለርን ለማስፈረም ሲሉ ቢላፕስንም አሰናበቱት። እነሆ ጣራው ተሠራ፤ ምሰሶው ግን ተነቀለ! በርካሽ የተገኘው አንጋፋው ባሮን ዴቪስ ጀርባውን ታሞ ነበር። በገና ዕለት በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ደግሞ አዲሱ ልጅ ኢማን ሻምፐርት ጉልበቱን ተጎዳ።

ከሁለት ቀን በኋላ ኒክሶች ሌሎች ከጣሏቸው ተጫዋቾች መካከል አንዱን አነሱ። ጄረሚ ሊን ይባላል።

ወላጆቹ ከታይዋን የመጡ፣ ካሊፎርኒያ ያደገ ልጅ ነው። በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ለክፍለ ግዛቱ ዋንጫ አብቅቷል። ሆኖም የስፖርት ነጻ ትምህርት ዕድል የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ሃርቫርድ ገብቶ ኢኮኖሚክስ አጠና። በ2010 የኤንቢኤ ምርጫ ሲካሄድ ስሙን የጠራው ክለብ የለም። ጎልደን ስቴት አስፈርሞት በታኅሣሥ 2011 አሰናበተው። ሂውስተን ወሰደውና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በገና ዋዜማ፣ እሱም አሰናበተው። ሊን ራሱ ኋላ በ2013 በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ መልማዮች እንዲያልፉት ካደረጉት ነገሮች አንዱ የእስያ ዝርያው እንደሆነ ተናግሯል።

ኒው ዮርክ ሲመጣ ደሞዙ ለዓመት 800 ሺህ ዶላር አይሞላም፤ ውሉም ገና ዋስትና አልነበረውም። የሚያድረው ወንድሙ ቤት ሶፋ ላይ ነበር።

የካቲት 4 ቀን 2012። ኒክሶች 8 አሸንፈው 15 ተሸንፈዋል። አሠልጣኙ ማይክ ዳንቶኒ አማራጭ ሲያጣ ሊንን ከተጠባባቂ ወንበር አስነሳው። 25 ነጥብና 7 አሲስት! ክለቡ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ሌከርስ ላይ ብቻ 38 ነጥብ አገባ። በቋሚነት በተሰለፈባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ያስቆጠረው 136 ነጥብ ኤንቢኤና ኤቢኤ ከተዋሃዱበት ከ1976 ወዲህ ትልቁ ሆነ።

ተአምር ነው? እኛ አይመስለንም። ዳንቶኒ ቀደም ሲል በፊኒክስ ከስቲቭ ናሽ ጋር ሲሠራ፣ ጨዋታውን በሙሉ በፖይንት ጋርዱ ውሳኔ ላይ የሚያቆም ስልት ዘርግቶ ነበር። ናሽም በ2005 እና በ2006 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሊን ያገኘው ለችሎታው የሚስማማ ሥራና ችሎታውን የሚያሳይበት ደቂቃ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሂውስተን፣ ያ ያባረረው ክለብ፣ ሁለቱን ፖይንት ጋርዶቹን አጥቶ ስለነበር ለሊን የሦስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበ። ብልሃቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ገደማ፣ ሦስተኛው ግን ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ። ሂውስተን በደንቡ መሠረት በየዓመቱ አማካዩን፣ 8 ሚሊዮን ገደማ፣ ይመዘግባል። ኒክሶች ቢያስቀሩት ግን የሦስተኛው ዓመት ሸክም ከነግብሩ ይወድቅባቸዋል። ለቀቁት። በቦታው ማንን መለሱ መሰላችሁ? ያንኑ ሬይመንድ ፌልተንን!

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ?

ሊን ዳግመኛ እንደዚያ የካቲት አልነደደም። ቢሆንም በ2019 ከቶሮንቶ ጋር የሻምፒዮንነት ቀለበት አጥልቋል፤ በ2025 በታይዋን ተጫውቶ ጫማውን ሰቅሏል። ያን የካቲት የዘገየ ዕድል ብቻ አድርጎ ማየት ግን አይበቃም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ክለቦች እጅ የገባው ያው አንድ ልጅ ነበር፤ ችሎታው አልተቀየረም። የተቀየረው፣ ሌላ አማራጭ ያጣ አንድ ሰው ሜዳ ውስጥ ማስገባቱ ነው። «ልምድ የለህም» ተብሎ በር የተዘጋበት ወጣት ሁሉ ይህን ልብ ይበል። በሩን የሚዘጉትም እንዲሁ።