መዝጋት ወይስ መልስ መስጠት?

ሰሞኑን ከዐሥር ዓመት በላይ አብሮኝ ያስተማረ አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣን ሳለ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «አንተ የታሪክ ሰው ነህ። በነቢያችን ላይ ስድብ የሚያዘንቡ ድረ ገጾች ይዘጉ ብል ሳንሱር ናፋቂ ትለኛለህ?» በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የነበረው ሐዘን ነው። ጥያቄው በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ይህን ጽሑፍ መልስ ይሆነው ዘንድ አቀርባለሁ። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፓኪስታን ልጀምር። በፌብሩዋሪ 2008 የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እስልምናን ያዋርዳል ባለው ቪዲዮ ምክንያት ዩቲዩብ እንዲዘጋ አዘዘ። ጉዳዩ የሆላንዱ የፓርላማ አባል ገርት ዊልደርስ ያዘጋጀው ከነበረው «ፊትና» ከተሰኘ ፊልም ጋር የተያያዘ መሆኑ በጊዜው ተዘግቧል። በወሩ 24ኛ ቀን የፓኪስታን ቴሌኮም የዩቲዩብን አድራሻ የሚፈልገውን ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ የሚመራ የሐሰት አቅጣጫ አወጣ። ለአገር ውስጥ ብቻ የታሰበው ይህ አቅጣጫ መቀመጫው ሆንግ ኮንግ በሆነ አንድ ኩባንያ በኩል ወደ ውጭ አፈተለከ። ኢንተርኔት የቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ አንዱ መረብ «ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በእኔ በኩል ነው» ሲል ሌላው ይቀበለዋል። ስለዚህ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከአብዛኛው ዓለም ጠፋ። ለአንድ አገር ሕዝብ ተብሎ የተዘጋው በር በሌላው ዓለም ላይም ተቆለፈ፤ ስለ ፊልሙ ሰምቶ የማያውቀውም ሰማ።

ፊልሙ በማርች 27 ቀን ላይቭሊክ በተባለ የእንግሊዝ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ሠራተኞቹ ስለ ዛቻ በማግሥቱ ወረደ፤ በ30ኛው ቀን ተመለሰ። በዚህ መካከል ቅጂው በየቦታው ተባዝቶ ነበር። ፓኪስታን ግን ከዚህ የተማረች አትመስልም፤ በሴፕቴምበር 2012 በሌላ ፊልም ሰበብ ዩቲዩብን ዘግታ እስከ ጃኑዋሪ 2016 አልከፈተችውም። ከሦስት ዓመት በላይ የተጎዳው ተሳዳቢው አልነበረም፤ ትምህርቱን ከዚያ ይከታተል የነበረው የላሆርና የካራቺ ተማሪ እንጂ።

በሌላ በኩል ዊልደርስን የነፃነት አርበኛ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ይህ ሰው በ2007 ቁርኣን በሆላንድ ይታገድ ብሎ በአደባባይ የጻፈ ነው። የእርሱ ፊልም ሲነካ «የመናገር ነፃነት» ይላል፤ የሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ሲሆን «ይታገድ» ይላል። መዝጋት የአንድ ወገን በሽታ ብቻ አይደለም።

መዝጊያው በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በ2008 የሳዑዲ ዐረቢያው ራኢፍ በደዊ የመወያያ ድረ ገጽ አቋቋመ። ትችቱ በዋናነት የሃይማኖት ሊቃውንት በመንግሥትና በሰው ኑሮ ላይ ያላቸውን ሥልጣን የሚመለከት ነበር። በ2012 ታሰረ፤ በ2014 የ10 ዓመት እስራት፣ 1000 ግርፋትና የ1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ተፈረደበት። በጃኑዋሪ 2015 ጂዳ ላይ በሕዝብ ፊት 50 ጊዜ ተገረፈ። ቀሪው ግርፋት ባይፈጸምም ከእስር የወጣው በ2022 ነው። ዊልደርስ በሄግ በጥበቃ ተከብቦ ሲናገር፣ «እስልምናን ሰደበ» በሚለው ክስ የተገረፈው ከሙስሊሞች መካከል የወጣ ጠያቂ ነው።

የጥንቱ ታሪክ ግን ሌላ መንገድም ያሳየናል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል ራዋንዲ «ኪታብ አል ዙሙሩድ» በተባለው መጽሐፉ በነቢያት ላይ ከባድ ጥያቄ አነሣ። መጽሐፉ ጠፍቷል። ዛሬ የምናውቀው ሙስሊም ሊቃውንት መልስ ሊሰጡበት ቃሉን እየጠቀሱ ስለ ጻፉ ነው። በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች የተቃዋሚያቸውን ቃል አስቀድመው አስፍረው ከሥሩ መልሳቸውን ይጽፋሉ።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ከየመን የመጣውና ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባው እጨጌ ዕንባቆም በ1540 ገደማ «አንቀጸ አሚን»ን በግእዝ ጻፈ። አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት በዚያ ዘመን ክርክሩን ያቀረበው ለራሱ ለኢማም አሕመድ ነው፤ ማስረጃውንም ከቁርኣን እየጠቀሰ ነው። የኢማሙን ዘመቻ ከሙስሊሙ ወገን ሆኖ የጻፈው «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ም ደርሶናል። እኔ ሁለቱንም ለተማሪዎቼ አስነብባለሁ፤ አንዱ ቢታገድ ሌላው ጎዶሎ ይሆናልና።

ማስገደድንም አይተነዋል። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ወሎ ግን ዛሬም የሁለቱም እምነት አገር ነው። ደግሞም ከ2006 ጀምሮ በአገራችን የፖለቲካ ድረ ገጾች ሲታገዱ፣ እኔና ይህ ባልደረባዬ አንድ ባዶ ገጽ ላይ አብረን አፍጥጠናል። በ2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ አብረን ደስ ብሎናል። ያ መዝጊያ የማንን ሃይማኖት እንደያዝን አልጠየቀንም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ መልሴ ይህ ነው። ሕዝብን ለደም የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ፊት ይጠየቅ፤ በዚህ አልከራከርህም። የተሳደበህ ደግሞ ክርስቲያን ከሆነ መጀመሪያ ልቆጣው የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ዝም ያልሁበትን ጊዜ ሳስብ አፍራለሁ። ነገር ግን የመዝጊያውን ቁልፍ ለሹም አናስረክብ። ዛሬ ስለ አንተ ብሎ የዘጋው ሹም ነገ በአንተ ላይ ይዘጋዋል። ስድቡን ለእኔ ተውልኝ፤ ለጥያቄው ግን አንተ መልስ ጻፍ። እኔም አነብሃለሁ።

ቸር ይግጠመን።