እንሰትን ማን መዘገበው? ዳታውስ የማን ነው?

ሀደሮ ላይ አጠውልግ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከወላይታ ድንበር ብዙ የማይርቀው ይህ የከምባታ ምድር ለዓመታት በዝንጅብሉ የታወቀ ነበር። በ2012 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውልግ ገባና ማሳውን አደረቀው። ለቆርቆሮ፣ ለልጆች ደብተር፣ ለግብር የሚሸጠው ሰብል መሬት ውስጥ በሰበሰ። ገንዘቡ ሲጠፋ የቀረው የጓሮ እንሰት ነው። እንሰቱ ግን የራሱ አጠውልግ አለው፤ ታሪኩም ከዝንጅብሉ በጣም ይረዝማል።

በሽታውን የያዘውን እንሰት ግንድ ሲቆርጡት ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ያ ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ጎረቤት ተክል ከሄደ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። ለቆጮ የሚደርሰው ብዙ ዓመት ተጠብቆ ስለሆነ፣ አንድ ተክል ሞተ ማለት የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት ሞተ ማለት ነው።

በሽታውን መጀመሪያ በጽሑፍ ያስቀመጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1939፣ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። መንስኤው የታወቀው ግን በ1968፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር ባክቴሪያውን ለይተው ስም ሲሰጡት ነው። በ1974 ደግሞ ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠወልግ ጻፉ።

ሁለቱ ሰዎች ያን ጊዜ ያደረጉት ሌላ ነገር ጽሑፉን ያህል፣ ምናልባትም ከጽሑፉ በላይ፣ ዋጋ ነበረው። ከኢትዮጵያ እንሰት የተወሰደው ባክቴሪያ በእንግሊዝ አገር ብሔራዊ የእጽዋት በሽታ ባክቴሪያዎች ስብስብ ውስጥ ገባ። መለያ ቁጥሩ 2005 ነው፤ ዓመተ ምሕረት አይደለም፣ የመደርደሪያ ቁጥር ነው። እዚያ ተቀምጦ ተመራማሪ ሁሉ ሊጠይቀው የሚችል ናሙና ሆነ። በዚያን ጊዜ ስለ «ክፍት ዳታ» የሚያወራ አልነበረም። የዘረመል ቅደም ተከተሎች ለሁሉም የሚቀመጡበት የአሜሪካው ጄንባንክ እንኳ የተከፈተው በ1982 ነው።

ከዚያ 2001 መጣ። አጠውልጉ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ቡሩንዲ ተዛመተ። ለኡጋንዳ ገበሬ ሙዝ ማለት ለሀደሮ ገበሬ እንሰት እንደ ማለት ነው። ከየት መጣ? አንድ ምንጭ ነው ወይስ ሁለት? በ2012 ኡጋንዳዊው አርተር ዋሱኪራና ባልደረቦቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡትን ባክቴሪያዎች ሙሉ ዘረመል አነበቡ። በሁለት ንዑስ ዘሮች ተከፈሉ፤ የኢትዮጵያዎቹ ናሙናዎች ከሩዋንዳና ከኮንጎ ጋር በአንድ ወገን፣ የኡጋንዳ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የቡሩንዲ በሌላው ወገን ሆኑ። ቁጥር 2005 በመደርደሪያው ላይ ባይጠብቅ ኖሮ ይህን ንጽጽር ከየት ያገኙት ነበር? አንድ ሰው በ1960ዎቹ በጥንቃቄ ያስቀመጠው ጠርሙስ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማንም ያላሰበውን ጥያቄ መለሰ። ዳታንና ናሙናን ለማጋራት ከዚህ የሚበልጥ ክርክር ማቅረብ ይከብዳል።

ሆኖም ኢትዮጵያውያን ስለ መጋራት ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ሌላ ታሪክ አለ፤ የጤፍ ታሪክ። በ2003 ወደ ሆላንድ 1,440 ኪሎ የጤፍ ዘር ተላከ። በዚያው ዓመት የሆላንዱ ወገን ስለ ጤፍ ዱቄት የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ፤ በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ ወደ 4,000 ዩሮ ነው። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በ2018 ነው፤ ያውም ኢትዮጵያ ከሳ ሳይሆን ሁለት የሆላንድ ድርጅቶች እርስ በርስ ተካስሰው።

ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ ቢነግሥ ማን ይፈርዳል? በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ጉምሩክንና ፖስታን ሳይቀር ጠባቂ አደረገ። መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንዲሆንም ደነገገ። በጎረቤታሞች መካከል ያለውን የቆየ የዘር ልውውጥ ግን አልነካም፤ የሀደሮዋ እናት ችግኝ ለአማቷ ስትሰጥ ፈቃድ አትጠይቅም። አዋጁ በዚህ በኩል አስተዋይ ነው። ችግሩ ኬላ የሚይዘው ዘርንና ችግኝን መሆኑ ነው። በኢንተርኔት የሚሄድን የፊደል ሰልፍ የትኛው ፈታሽ ያስቆመዋል?

በ2014 የእንሰት ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ በረቂቅ መልክ ታተመ፤ ሥራው የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ነው። የተነበበው ተክል ግን ከከምባታ፣ ከሀዲያ ወይም ከሲዳማ ጓሮ የመጣ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ለጌጥ ከሚሸጥ ዘር የበቀለ፣ የትመጣው የማይታወቅ እንሰት ነበር። የሚሊዮኖች ምግብ የሆነው ተክል በዓለም መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው በፈረንጅ የአበባ መደብ ተወክሎ ነው። ዳታው ክፍት ነበር፣ ማንም ሊያወርደው ይችላል፤ ግን የትኛው ዝርያ አጠውልግን ይቋቋማል ብሎ ለሚጠይቅ ገበሬ ብዙም አይነግረውም።

ይህን ያስተካከለው ከሀደሮ ሩቅ ባልሆነችው አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ከ600 በላይ የእንሰት ናሙናዎችን በማሳ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። በ2018 ዘሪሁን የማታውና ባልደረቦቹ፣ ከኤክሰተሮቹ ጋር ሆነው፣ የ17 እንሰቶችን የዘረመል ዳታ ለሁሉም ክፍት አድርገው አወጡ። በዚህ ጊዜ ተክሎቹ ስም አላቸው፤ በደዴት፣ ማዚያ፣ አርኪያ፣ ገና እየተባሉ።

ስሙ ቀላል ነገር እንዳይመስል። በ2002 አልማዝ ነጋሽና ባልደረቦቿ ከሀዲያ፣ ከወላይታ፣ ከሲዳማና ከከፋ ሸካ የተሰበሰቡ 146 እንሰቶችን በዘረመል ሲያነጻጽሩ፣ በተለያየ ስም የሚጠሩ አንዳንዶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። አንድ ተክል ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ወደ ሀደሮ በጋብቻና በገበያ ሲዞር ስም ይለውጣል። ለአሚቾ የሚሆነውን፣ ቡላው የሚበዛውን፣ ለስብራት መድኃኒት የሚሆነውን የሚለዩት ሴቶቹ ናቸው። ያ እውቀት አብሮት ያልተመዘገበ ጂኖም ፊደል ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ደግሞ የተመራማሪዎቹ ስም ይወጣል እንጂ የእነዚያ ሴቶች ስም የለም፤ ይህም በመጋራት ስም የሚታለፍ በደል ነው።

ዓለምም ጉዳዩን እያነሳው ነው። በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ከዘረመል ዳታ የሚገኘው ጥቅም ሊጋራ ይገባል ብለው ተስማሙ፤ በ2024 ካሊ ላይ ለዚሁ የሚሆን ፈንድ አጸደቁ፤ ፈንዱም በ2025 ሥራ ጀመረ። ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ታስቧል፤ አዲስ አበባ በ2006 ከጻፈችው ግማሽ ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል። የኩባንያዎቹ መዋጮ ግን በፈቃደኝነት ነው፤ በፈቃደኝነት የሚከፈል ዕዳ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከፈል ማንም ያውቃል።

እስከዚያው ዳታው ሥራውን አላቆመም። በ2021 በታተመ ሙከራ 20 የእንሰት ዝርያዎች ባክቴሪያው ተሰጥቷቸው ሲፈተኑ ማዚያ፣ ሌማትና ሄላ በአንጻራዊነት የተሻለ ቋቁመዋል። የማዚያ ዘረመል ከ2018 ጀምሮ ክፍት ነው፤ አዲስ አበባም፣ ካምፓላም፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆኖ የሚፈልግ ያወርደዋል። ሃያ ተፈተኑ። ከ600 በላይ የሆኑት አረካ ማሳ ላይ ቆመዋል፤ እንሰት እንደ ስንዴ ዘሩ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ሰብል ስላልሆነ፣ ያው አጠውልግ በሚዞርበት ምድር ላይ።