መኪናው ያስነሣው ከበሮ መቺ

ሂዩመን ሊግ የተሰኘው የሼፊልድ የሙዚቃ ጓድ በ1981 እ.ኤ.አ. «ዴር» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ከበሮውን የመታው ሰው አልነበረም፤ ሊን የሚባል መኪና ነበር እንጂ። በዚያው ዓመት ሶፍት ሴል፣ አንዲት አሜሪካዊት ድምፃዊት በ1960ዎቹ የተጫወተችውን ዘፈን በሲንተሳይዘር ደግሞ ገናና ሆነ፤ ስልቱ ከጥንስሱ የሰው ዘፈን መድገምን አልናቀምና።

ነገሩ ግን የእንጀራም ጉዳይ ነበር። በ1982 የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ፣ የክርና የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ወንበር በአንድ ኪቦርድ እንዳይወሰድ በመስጋት፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መኪና እንዲታገዱ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። እገዳው አልጸናም፤ ስጋቱ ከንቱ ነበር ለማለት ግን አያስደፍርም።

ዛሬ የዚያን ዘመን ዘፈኖች በመድረክ የሚደግሙ ባንዶች ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣሉ። መኪናው ሳይታክት ይመላልሰው የነበረውን አጭር ዜማ አንድ ሰው በጣቱ ሊከተለው ሲሞክር ክንዱ ይዝላል፣ ምቱም ይዛነፋል፤ አስቀድሞ በተቀዳ ድምፅ ቢተካው ደግሞ ታዳሚው ሊያየው የመጣው ሥራ ከዓይኑ ይሰወራል። (ኦርኬስትራል ማኑቨርስ ኢን ዘ ዳርክ ቴፕ መቅረጫውን ዊንስተን ብሎ ሰይሞ በመድረክ ላይ በግልጽ ማቆሙ ቢያንስ ሐቀኝነት ነበረው።) ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአንዳንዶቹ ባንዶች ዘንድ የሚታየው ከበሮ መቺ ነው፦ መኪናው ከወንበሩ ያስነሣው ባለሙያ አሁን የመኪናውን ደረቅ ምት አስመስሎ ለመምታት ተመልሶ ተቀምጧል።