ከግድግዳ ቀንድ እስከ ቁም ሳጥን

ቀድሞ በደጋው አገራችን ቤት ሲሠራ፣ የግድግዳው ጭቃ ገና ሳይደርቅ የበሬ ቀንድ ወይም ባላ እንጨት ይተከልበት ነበርና፣ ጋቢውና በርኖሱ፣ ጋሻውና ኮርቻው ሳይቀር ከዚያ ላይ እየተሰቀለ ምድሩ ለሰውና ለምድጃ ይተርፍ ነበር። የክብር ልብስ ግን፣ ይልቁንም የበዓሉ ጥበብና ካባ፣ በገሃድ የሚንጠለጠል አልነበረም፤ እመቤቲቱ በሥርዓት አጥፋ፣ መዓዛው የሚያውድ ጠጅ ሣር በመካከሉ አኑራ፣ በእንጨት ሳጥን ከቆለፈችበት በኋላ ቁልፉን ከመቀነቷ ጫፍ ትቋጥረው ነበር (የቤቱ ሥልጣን በማን እጅ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል)። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም አልባሰ ተክህኖዋን በዕቃ ቤት ታኖራለች። በሐረር ጀጎል ደግሞ ግድግዳው ራሱ እየተቦረቦረ መደርደሪያ ሆኗል።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የባሕር ማዶ ዕቃ መግባቱ ቀለለ፤ ኮትና ሱሪም እየተለመደ ሲሄድ፣ እንደ ሸማ መታጠፍን የማይወድ ልብስ ነውና፣ ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን በከተማ ቤት ተፈላጊ ሆነ። ክፍሉ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት ይህ ሳጥን አልጋውን ከእንግዳ ዓይን የሚጋርድ ግድግዳም ነው፤ በራሱ ላይ ሻንጣ ይደረደርበታል፣ ከአልጋው ሥርም ሌላ ሳጥን ይገባል። ይህን ብልሃት የወለደው ጥበት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ኮትዎን ይስቀሉ፤ ጥበቡን ግን በክብደቱ እንዳይለጠጥ ከመስቀያው አውርደው እንደ ጥንቱ ይጠፉት።